የአቴና ዳኞች ዕጣ እንዴት ይወጣ ነበር?

ጥያቄው፦ «የጥንት አቴናውያን ሹማምንቱንም ዳኞቹንም በዕጣ ይመርጡ እንደነበር አነበብኩ። በዕጣ የወጣ ጫማ ሰፊ እንዴት አድርጎ ከተማ ያስተዳድራል? ዳኞቹስ ጉቦ አይበሉም ነበር? በሶቅራጥስ ላይ የፈረዱትስ በዚሁ ዕጣ የወጡ ሰዎች ናቸው?»

ምላሽ፦

ከጉቦው ልጀምር። ጉቦው ካልገባን ዕጣው አይገባንም፤ የአቴና ሰዎች ያን ሁሉ ሣጥን፣ ድንጋይና ባለቀለም በትር የደረደሩት ዳኛ እየተገዛ ስላስቸገራቸው ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ዓ.ዓ. ያልኩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን ነው።

በ5ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. አሠራሩ ቀላል ነበር። በየዓመቱ ዕድሜያቸው 30 ያለፈ 6,000 ፈቃደኛ ዜጎች በዕጣ ይወጡና ይምላሉ። ከዚያ በምድብ ይከፋፈሉና እያንዳንዱ ምድብ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ችሎት ይቀመጣል። በአንድ ጉዳይ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዳኞች ስለሚሰየሙ፣ ያን ሁሉ ሰው ማን ይገዛል ተብሎ ታምኖ ነበር። ስሌቱ ግን ቀዳዳ አለው። ሁሉን መግዛት አያስፈልግም፤ ጉዳዩ ሚዛን ላይ ከሆነ 30 ወይም 40 ሰው ማዞር ይበቃል። ያን ያህል ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የት እንደሚቀመጥ ከታወቀ በአንድ ደላላ በኩል ይገኛል።

ይህን በተግባር ያሳየው አኒቱስ የሚባል ባለጸጋ ነው፤ ኋላ ከሶቅራጥስ ሦስት ከሳሾች አንዱ የሆነው ራሱ። በ409 ዓ.ዓ. ገደማ አቴናውያን የያዙትን የፒሎስን ምሽግ እንዲያድን በጦር አዛዥነት ተልኮ ሳይሳካለት ቀረ፤ ፒሎስ ከእጃቸው ወጣች፤ እሱም ተከሰሰ። ዳኞቹን ገዝቶ አመለጠ። ለዳኞች ጉቦ የሰጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ እንደሆነ የሚነግረን፣ አርስቶትል ወይም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የጻፈው ስለ አቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት የሚናገረው ድርሳን ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው ዝርዝር አብዛኛው ከዚሁ ድርሳን የተገኘ ነው። ድርሳኑ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ቆይቶ ከግብፅ በተገኘ ፓፒረስ ላይ ተነበበና በ1891 ታተመ። የፓፒረሱ ፊት የአንድ እርሻ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው፤ ድርሳኑ የተገለበጠው በጀርባው ላይ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ምድቦቹን በዕለቱ ማለዳ በዕጣ ወደየችሎቱ መላክ ነበር። ባለጉዳዩ የትኛው ምድብ እንደሚገጥመው አስቀድሞ አያውቅም። ምድቡ ራሱ ግን አልተነካም። ዓመቱን ሙሉ አብረው የሚውሉ ሰዎች ይተዋወቃሉ፣ አለቃ ያበጃሉ፣ ዋጋ ይቆርጣሉ። ስለዚህ በ370ዎቹ ዓ.ዓ. ምድቡንም በተኑትና ዕጣው በነፍስ ወከፍ ሆነ።

በነፍስ ወከፍ ለማድረግ መጀመሪያ ሰውየው መታወቂያ ያስፈልገዋል። መታወቂያው ርዝመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቀጭን የነሐስ ሰሌዳ ነው፤ በአርስቶትል ዘመን ከእንጨት ይሠራ ጀመር። በላዩ የባለቤቱ ስም፣ የአባቱ ስምና የቀበሌው ስም ተቀርጿል፤ የመንግሥት ማኅተም ተመትቶበታል፤ ከአልፋ እስከ ካፓ ካሉት አሥር የግሪክ ፊደሎች አንዱም አለበት። የአቴና ዜጎች በአሥር ነገዶች የተከፈሉ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ነገድ ዳኞቹን በእነዚህ ፊደሎች በአሥር ይከፍላቸዋል። ከነዚህ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ ከመቃብር ተቆፍረው ወጥተዋል፤ ባለቤቶቹ አብረዋቸው ተቀብረዋል ማለት ነው። አንዳንዶቹ ላይ የቀድሞው ስም ተፍቆ ሌላ ስም ተጽፎባቸዋል፤ ጠጋ ብሎ ላየ የፊተኛው ፊደል ጥላ ይታያል።

አሁን ወደ ማለዳው እንሂድ። የችሎቱ ግቢ ለአሥሩ ነገዶች አሥር በሮች አሉት። በእያንዳንዱ በር አሥር ሣጥኖችና ሁለት የዕጣ ድንጋዮች አሉ። በዚያ ቀን መዳኘት የፈለገ ሰው በነገዱ በር መጥቶ ሰሌዳውን የፊደሉ ምልክት ባለበት ሣጥን ውስጥ ይጥላል። አገልጋዩ ሣጥኖቹን ይነቀንቃል፤ ሹሙ ከእያንዳንዱ ሣጥን አንዳንድ ሰሌዳ ያወጣል። ስማቸው የወጣው አሥር ሰዎች በዚያ ቀን «አስገቢ» ይሆናሉ፤ ሥራቸው በየሣጥናቸው ያሉትን ሰሌዳዎች በድንጋዩ ላይ መሰካት ነው። አስገቢው ለምን በዕጣ ይወጣል? ድርሳኑ በግልጽ ይናገራል፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሰካ ያጭበረብራል ብለው ነው።

የዕጣ ድንጋዩ ክሌሮቴሪዮን ይባላል። ፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ትናንሽ ስንጥቆች የተደረደሩባቸው አምስት ዓምዶች አሉት፤ ሰሌዳው በስንጥቁ ይገባል። ሁለት ድንጋይ ሲደመር አሥር ዓምድ፣ ለአሥሩ ፊደል። በአቴና አጎራ (የጥንቱ የገበያ አደባባይ) ሙዚየም የሚታየው የእምነ በረድ ስባሪ ከአርስቶትል ዘመን በኋላ የተሠራ ስለሆነ 11 ዓምዶች አሉት፤ ሥዕሉን አይተው ከጽሑፉ ጋር አልገጥም ካለዎት ምክንያቱ ይኸው ነው።

በድንጋዩ ጎን አፉ ሰፊ የሆነ ቱቦ ይወርዳል። በእሱ ጥቁርና ነጭ የነሐስ እንክብሎች ተደባልቀው ይፈስሳሉ፤ ከታች አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። እያንዳንዱ እንክብል የሚወስነው አንድን ሰው ሳይሆን አንድን ረድፍ ነው፤ ማለትም በአምስቱ ዓምድ ጎን ለጎን የተሰኩትን አምስት ሰዎች። ነጭ ከወጣ አምስቱም ዳኛ ሆኑ፤ ጥቁር ከወጣ አምስቱም ወደ ቤታቸው። ቀጥሎ ሁለተኛው ረድፍ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው።

ቁጥሩን በምሳሌ እናስላው። በዚያ ቀን እያንዳንዳቸው 500 ዳኛ የሚፈልጉ ሦስት ችሎቶች አሉ እንበል። ጠቅላላው 1,500 ነው፤ ከአሥሩ ነገዶች እያንዳንዱ 150 ያዋጣል፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ 75 ሰው፣ ማለትም 15 ረድፍ ይመረጣል። ከአንድ ነገድ 400 ሰው ከመጣ በአንድ ድንጋይ 200 ሰሌዳ፣ 40 ረድፍ ይሆናል። ስለዚህ 15 ነጭና 25 ጥቁር እንክብሎች ይገባሉ። የነጩ ብዛት በሚፈለገው ዳኛ ልክ ስለሆነ ሹሙ በመጨረሻ ላይ ልጨምር ልቀንስ የሚልበት ቦታ የለውም። የዚህ ሁሉ ጉልበት ደግሞ በአደባባይ መሆኑ ነው፤ እንደ እቁብ ዕጣ፣ የቆመው ሰው ሁሉ እያየ ነው የሚወጣው።

አምስቱ ዓምዶች ለአምስት ፊደል መሆናቸው እንዲሁ ለማስዋብ አይደለም። አስገቢው ጓደኞቹን በአንድ ረድፍ ሊያሰልፍ ቢፈልግ የሚያዝበት አንድ ዓምድ ብቻ ነው። የአንድ ረድፍ አምስት ሰዎችን ለማቀናጀት አምስት አስገቢዎች መስማማት አለባቸው፤ እነሱ ደግሞ ስማቸው የወጣው ገና አሁን ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው እንኳ ቢሆን የት ችሎት እንደሚገባ ገና አያውቅም። ስሙ ሲጠራ ወደ አንድ እንስራ ሄዶ ከውስጡ የባሉጥ ፍሬ ያወጣል፤ በፍሬው ላይ የችሎት ፊደል አለበት። የችሎቶቹ ፊደል ከላምዳ ይጀምራል፤ ከአልፋ እስከ ካፓ ያሉት በሰሌዳው ላይ ላሉት አሥር ክፍሎች ስለተያዙ ነው። ፍሬውን ከፍ አድርጎ ለሹሙ ያሳያል፤ ሹሙ ሰሌዳውን ወስዶ በዚያው ችሎት ሣጥን ውስጥ ይጥላል። ሰውየው ደግሞ የችሎቱ በር መቃን በተቀባበት ቀለም የተቀባ በትር ይቀበላል። ቀይ በትር ይዞ አረንጓዴ በር ላይ የቆመ ዳኛ ከሩቅ ይለያል። ሲገባ ሌላ ምልክት ይሰጠዋል፤ የቀን አበሉንም ሰሌዳውንም የሚያገኘው ሰሌዳው በተላከበት ችሎት ብቻ ነው። ወዳጁ ወደ ተቀመጠበት ችሎት ሾልኮ ቢገባ አበሉን አጣ፣ መታወቂያውም ሌላ ቦታ ቀረ።

አበሉ በቀን 3 ኦቦል ነው፤ 6 ኦቦል አንድ ድራክማ ነው። የከተማዋ መሪ የነበረው ፔሪክለስ ሲጀምረው 2 ኦቦል ነበር፤ ከእሱ በኋላ የተነሣው ፖለቲከኛ ክሌዮን ወደ 3 ከፍ አደረገው። ይህ ከአንድ ሠራተኛ የቀን ገቢ ያንሳል፤ ስለዚህ ችሎት የሚመላለሱት ሽማግሌዎችና ድሆች ናቸው እየተባለ በቴአትር ይቀለድባቸው ነበር።

በየችሎቱ የሚሰየመው ሹም ማን እንደሆነም እንደዚሁ በዕጣ ይወሰናል። ዳኞቹ ከተቀመጡ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ ለውኃ ሰዓቱ፣ አራቱ ለድምፁ በዕጣ ይመደባሉ። የውኃ ሰዓቱ ከታች ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ነው፤ ከ5,000 ድራክማ በላይ ለሆነ የግል ክርክር ለመጀመሪያው ንግግር 10 ኩስ፣ ለመልሱ 3 ኩስ ውኃ ይለካል። አንድ ኩስ 3.2 ሊትር ያህል ነው። በአጎራ ቁፋሮ የተገኘው ባለ 2 ኩስ ማሰሮ በ6 ደቂቃ ገደማ ይፈስሳል፤ በዚያ ልክ 10 ኩስ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ሕግ ወይም የምስክር ቃል ሲነበብ ቀዳዳው ይደፈናል።

ድምፅ አሰጣጡ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ዳኛ በመሀላቸው ዘንግ ያላቸው ሁለት የነሐስ ክቦች ይሰጡታል፤ የአንዱ ዘንግ ክፍት ቱቦ ነው፣ የሌላው ድፍን። ክፍቱ ለከሳሽ፣ ድፍኑ ለተከሳሽ። ዳኛው በአውራ ጣቱና በሌላ ጣቱ የዘንጉን ሁለት ጫፍ ከያዘ የትኛው ክፍት እንደሆነ ማንም አያይም። የሚፈርድበትን ወደ ነሐሱ እንስራ፣ የተረፈውን ወደ እንጨቱ ይጥላል። የነሐሱ እንስራ ክዳን አንድ ክብ ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ስላለው ሁለቱን በአንዴ መጣል አይቻልም። ጉቦ ሰጪው እዚህ ላይ ነው የሚከስረው፤ የገዛው ሰው በቃሉ መገኘቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለም። ድምፁ እኩል ከሆነ ተከሳሹ ነጻ ነው። በሕዝብ ጉዳይ ከሶ የድምፁን አንድ አምስተኛ ያላገኘ ከሳሽ ደግሞ 1,000 ድራክማ ይቀጣል።

ስለ ሶቅራጥስ የጠየቁት እዚህ ይመለሳል። ፍርዱ የተሰጠው በ399 ዓ.ዓ. ነው፤ የስም ሰሌዳው፣ ባለ አምስት ዓምዱ ድንጋይና ባለቀለሙ በትር ተቀናጅተው ከመምጣታቸው ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ። ዳኞቹ ለዓመቱ በዕጣ የወጡ መሆናቸው እውነት ነው፤ ቁጥራቸው ወደ 500 ነበር። በነፍስ ወከፍ የሚበትናቸው ሥርዓት ግን ገና አልነበረም። በመጽሐፍ ሥዕል ላይ ሶቅራጥስ ከዕጣ ድንጋዩ ጎን ቆሞ ቢያዩ ሠዓሊው ዘመን አደባልቋል።

ወደ ጫማ ሰፊው እንምጣ። እዚህ ላይ ጥያቄው ራሱ ትንሽ መስተካከል አለበት። በዕጣ የወጣ አንድ ሰው ከተማውን አያስተዳድርም ነበር፤ አሥር ሆነው ለአንድ ዓመት አንዲት ጠባብ ሥራ ይይዛሉ፣ ያንኑ ሹመት ዳግመኛ አያገኙም። የገበያ ተቆጣጣሪዎች አሥር፣ የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪዎች አሥር። የእህል ተቆጣጣሪዎች ወፍጮ ቤቱ የገብሱን ዱቄት በገብሱ ዋጋ ልክ፣ ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን በስንዴው ዋጋ ልክ መሸጡን ያያሉ። የከተማ ጽዳት ያላቸው አሥር ሰዎች ደግሞ፣ አምስቱ በፒሬየስ ወደብ አምስቱ በከተማው፣ ጥራጊ የሚያነሱ ሰዎች ከቅጥሩ 10 ስታድዮን (2 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው) ርቀት ውስጥ እንዳይደፉ ይከለክላሉ። እነዚሁ ሰዎች የዋሽንት ነፊ ሴቶች የምሽት ዋጋ ከ2 ድራክማ እንዳያልፍም ይቆጣጠራሉ፤ ሁለት ደጋሾች አንዲቱን ከፈለጓትም መፍትሔው ያው ዕጣ ነው።

ትልቁ በዕጣ የሚቆመው አካል የ500ዎቹ ምክር ቤት ነው፤ ከየነገዱ 50 ሰው፣ ዕድሜ ከ30 በላይ፣ በሕይወት ዘመን ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ። የየነገዱ 50ዎቹ በተራ ለ35 ወይም 36 ቀን መሪ ይሆናሉ፤ ተራውም በዕጣ ነው። ከነሱ መካከል ደግሞ በየዕለቱ አንድ ሰው በዕጣ ሊቀመንበር ይሆንና የግምጃ ቤቱን ቁልፍና የመንግሥቱን ማኅተም ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ቀን ይይዛል። በዕድሜው ይህ የሚደርሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቁልፉን የያዘውን ሰው ለመግዛት የሚያስብ ሌባ ነገ ሌላ ሰው ያገኛል። ሶቅራጥስም በ406 ዓ.ዓ. የምክር ቤቱ አባል ነበረ፤ ከአርጊኑሳይ የባሕር ጦርነት በኋላ የተከሰሱት የአቴና አዛዦች በአንድ ድምፅ ተጠቃለው ይፈረድባቸው ሲባል ተራው የሱ ነገድ ነበርና፣ ሕጉ አይፈቅድም ብሎ እንቢ አለ። ሕዝቡ አልሰማውም፤ ስድስቱ ተገደሉ።

ዕጣው ብቻውን ማንንም አይሾምም። ከሥራ በፊት ምርመራ አለ። አርኮን የሚባሉት ዘጠኙ ዋና ሹማምንት በምክር ቤቱም በችሎቱም ይጠየቃሉ፦ አባትህ ማን ነው፣ ቀበሌው የት ነው፣ አያትህስ፣ እናትህስ፣ የቤተሰብህ መቃብር የት ነው፣ ወላጆችህን ትጦራለህ ወይ፣ ግብርህን ትከፍላለህ ወይ፣ ዘምተሃል ወይ። ችሎታን የሚመዝን ጥያቄ አንድም የለም፤ ይህ ደካማ ጎኑ ነው። በሥራ ላይ ሳለ ሸንጎው፣ ማለትም የዜጎቹ ጉባኤ፣ ሹማምንቱ በደንብ እየሠሩ እንደሆነ በየመሪው ተራ ድምፅ ይሰጣል። ዓመቱ ሲያልቅ በ30 ቀን ውስጥ ሒሳቡን ያስረክባል፤ ሰረቀ ወይም ጉቦ በላ ከተባለ የወሰደውን አሥር እጥፍ ይከፍላል። ሒሳቡ እስኪጸድቅ ድረስ ከአገር መውጣት፣ ንብረቱን ለቤተ መቅደስ መስጠትና መናዘዝ አይችልም። ሁሉም ሹም ይህን ያልፋል፣ ካህናትም ጭምር። ሥልጣን ዓይኑን የሚያሳውረው ሰው ዕጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁለቴ እንዲያስብ ያደረገው ይህ ነው ባይ ነኝ።

እውቀት የግድ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ግን ዕጣውን ተውት። አሥሩ የጦር አዛዦች በእጅ ማውጣት ይመረጣሉ፤ ደጋግሞ መመረጥም ይቻላል፣ ፔሪክለስ ለ15 ዓመታት ሳያቋርጥ ተመርጧል። ከሲቪሉ ሹመት በምርጫ የሚያዙት ጥቂት ናቸው፤ የጦር ሠራዊቱ ገንዘብ ያዥ፣ የበዓል ገንዘብ ኃላፊዎችና የምንጭ ውኃ ተቆጣጣሪው። ውኃው ከጦሩ ጋር አብሮ መቀመጡ አቴናን ላወቀ አይገርምም፤ ደረቅ አገር ነው።

ከዚህም በላይ ሥራ የሚያውቁ የመንግሥት ባሮች ነበሩ። በ375/4 ዓ.ዓ. ኒኮፎን የተባለ ሰው አቅርቦት በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ባሪያ በአጎራው በገንዘብ መንዛሪዎቹ ጠረጴዛ መካከል ተቀምጦ የብር ሳንቲሙን ይመረምራል፤ ከውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ ያገኘበትን ወዲያው ይቆርጠዋል። ሳይቀመጥ ከቀረ ወይም በሕጉ መሠረት ካልመረመረ 50 ጅራፍ ነው። የአንድ ዓመት ሹም ሳይሆን ዕድሜ ልኩን ብር ሲዳስስ የኖረ እጅ ነበረው።

በጥንቷ ሮማስ እንዴት ነበር ለሚል ሰው፣ እዚያ ሹመቱ በአብዛኛው በምርጫ ነበር። ዕጣው የሚመጣው ከተመረጡ በኋላ፣ የትኛው ሹም የትኛውን ጠቅላይ ግዛት ይዞ ይሂድ ሲባል ነበር።

ዕጣው ውስጥ የማይገቡት ብዙ እንደሆኑም መታወቅ አለበት። ሴቶች፣ ባሮችና መጤዎች አልነበሩበትም፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. አዋቂ ወንድ ዜጎች ወደ 30,000 ይገመታሉ። ከዚያ ውስጥ 500 ሰው በየዓመቱ ለምክር ቤት ይፈለጋል፤ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይገባም። ስለዚህ ዕድሜው 30 ያለፈ ዜጋ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ምክር ቤት የመቀመጥ ዕድሉ ሰፊ ነበር፤ ሸንጎ ላይ እጁን የሚያወጣው ሰው አጀንዳ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ሒሳብ እንዴት እንደሚመረመር ከውስጥ ያየ ሰው ነው። የዳኞቹን ክፍል በራስዎ ለማንበብ ከፈለጉ ከድርሳኑ ምዕራፍ 63 እስከ 69 ያለው ይበቃዎታል፤ ወደ መጨረሻው ላይ ፓፒረሱ ክፉኛ ስለተበጣጠሰ ትርጉሞቹ እርስ በርሳቸው ቢለያዩ አይደንግጡ።